በጠርሙስ ያለ ባሕር

ኅዳር 19 ቀን 1982፣ ደሴ

ቀለሙ ዛሬ በመምህራን ክፍል ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሙሄዲን በጦሳ ተራራ ጭጋግ ውስጥ የባሕር ጃርት ሊያረባ ነው!» ብሎ አሳቀብኝ። ይሳቁ። ቀለሙ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር አይጥመውም። ደግ ጓደኛ ስለሆነ፣ የላቦራቶሪው ቁልፍም እሱ ኪስ ውስጥ ስለሚያድር ብዙም አልቀየመውም።

ነገሩ የመጣው ከመምህራን መጽሔት ነው። ከየትምህርቱ አንድ አንድ ጽሑፍ በአማርኛ አምጡ ተባልን። ሌላው ስለ ወባና ስለ እርከን ይጽፋል። እኔ ግን አሥመራ ተማሪ ሳለሁ ምፅዋ ወርደን ያየሁትን ልጻፍ አልኩ፦ የባሕር ጃርት ዘር እንቁላሏን ከማግኘቱ በፊት ምን ምን ብሎ እንደሚሰናዳ። የባሕር ጃርት ክብ፣ እሾኻም፣ ፊቱ ከጀርባው የማይለይ ፍጥረት ነው። ወንድና ሴቱ አይነካኩም። እሱ ዘሩን፣ እሷ እንቁላሏን ባሕሩ ላይ ይለቃሉ፤ የቀረው የውሃው ጉዳይ ነው።

ለትዝታ ያህል የባሕር ጠርሙሴን ከመደርደሪያው አወረድኩት። የአሰብ ጨው፣ በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም። በየዓመቱ ለክፍል ማሳያ እበጠብጠዋለሁ፤ ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ባሕር» ብዬ ለጥፌበታለሁ። ተማሪው ሁሉ በጣቱ እየነካ ይቀምሰዋል። ባሕር ከየት አይተው ያውቃሉ።

ቤት ስገባ እናቴ ያችኑ ነገር አነሳች። «የሸረፈዲን ስም ከምድር ሊጠፋ ነው።» አባቴን ነው፤ አላህ ይዘንለት። እኔ አንድ ልጁ ነኝ። ከለይላ ጋር ከተጋባን ስድስተኛ ዓመታችን ነው። ለይላ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ሬድዮኑን ከፍ አደረግሁት።

ኅዳር 25

ለይላ ሻይ ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ቁጭ ብላ «እስቲ አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት።

«ዘሩ በአባቱ ሆድ ውስጥ ሳለ እንቅልፍ ላይ ነው። ተጨናንቆ፣ በራሱ ትንፋሽ ኮምጥጦ፣ ጭራው አይላወስም። ባሕር ሲነካው ከውሃው ጨው ወደ ውስጡ ይገባል፤ ኮምጣጣው ይወጣል። ያኔ ጭራው መምታት ይጀምራል፤ መዋኘትም መተንፈስም ያኔ ነው።»

«ስንፍናው ከአዳም ጀምሮ ነው በለኛ፤ ካልቀሰቀሱት አይነሳ» ብላ ሳቀች። የደጋን ከተማ ልጅ ናት፤ ያለ ቀልድ ነገር አይወጣላትም። ሳቋን ሳትጨርስ ግን «የሰውስ?» አለች።

«የሰው ምን?»

«የሰውስ እንዲህ ይተኛል ወይ?»

የሰው በመጽሔቱ አይወጣም አልኳት። ብርጭቆውን በእጇ ስታዞር ቆየች። «ሐኪሟ ደጋግማ አየችኝ እኮ። አንቺ ምንም የለብሽም፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ ነው ያለችኝ። ነግሬሃለሁ።»

ነግራኛለች። የፈተና ወረቀት አለብኝ አልኳት። ባለፈውም ያልኳት ይህንኑ ነው።

ታኅሣሥ 2

ቆርጫለሁ። ዘሬን ራሴው አየዋለሁ። ሐኪም ቤት ተሰልፌ ከደሴ ሰው አፍ ከምገባ። ማይክሮስኮፕ እጄ ላይ እያለ!

ታኅሣሥ 4

በጥድፊያ። ጧት፣ ተማሪ ሳይገባ። ቁልፉን ከቀለሙ ተቀበልኩ፤ ለማሳያ ነው አልኩት። ከቤት በብልቃጥ፣ ብብቴ ውስጥ፣ እንዳይበርደው። ከዚያ እንደ ምፅዋው፦ አንድ ጠብታ፣ በላዩ ከባሕር ጠርሙሴ ሁለት ጠብታ፣ መሸፈኛ መስታወት። 

ብዙ ናቸው። አንድም የሚላወስ የለም። የተበተነ ጤፍ።

ሌላ መስታወት። እንደገና። ያው ነው።

ደወሉ ተደወለ።

በዚያው ቀን፣ ማታ

ምፅዋ ላይ ህንዳዊው መምህራችን ሸሚዙን አውልቆ፣ ከወገቡ በታች ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር የሚያስተምረን። ዘሩን ሳንበጠብጥ፣ ደረቁን፣ በረዶ ላይ እናስቀምጠዋለን። ስንፈልገው የባሕር ውሃ ጠብ እናደርግበታለን። በማይክሮስኮፑ ስናይ ሜዳው ሁሉ ይነሳል። ሳቄ ይመጣ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ግን የማይነሳ ያጋጥማል። መምህራችን ያኔ «ባሕር ነክቶት ያልነቃ ዘር ሙት ነው። ጊዜ አታባክኑ፤ ድፉት» ይለን ነበር።

እኔም ባሕር ነካኝ፤ አልነቃሁም።

ለይላ እዚህ አጠገቤ ተኝታለች። አፏን በትንሹ ከፍታ። እናቴ መካን የምትላት፣ ጎረቤት አንገቱን እየነቀነቀ የሚያያት፣ በየሼሁ መቃብር ዱዓ ስታስደርግ የኖረችው እሷ ናት። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ። አለቀስኩ። እንዳትሰማ ትራሱን ነከስኩት።

ነገ እነግራታለሁ።

ታኅሣሥ 5

አልነገርኳትም። ራሷን አሟት ነበር።

ታኅሣሥ 9

ቀበሌ ስብሰባ። ከወልድያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል። ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ብለውናል። የትምህርት ቤታችንን ግማሽ ክፍሎች ወታደር ሊይዝ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ደግሞ ይህን ያህል ስለ ራስ ማሰብ ነውር ነው። አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 14

እናቴ ዛሬ በይፋ ተናገረች። ከደሴ ዙሪያ ሳፊያ የምትባል ልጅ አይታልኛለች፤ ቤተሰቧ ዘር የሚበዛለት ነው። «ይቺን መካን ምን ልሁን ብለህ ነው የያዝካት?» አለች። ለይላ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

ቢላዋውን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየች። እናቴን አይደለም፤ እኔን። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሰዓቴን አየሁ።

አሁን ሳስበው፣ ለእሷም የሚበጀው መለያየታችን ነው። ገና ወጣት ናት። ሌላ ብታገባ ትወልዳለች። እኔን ይዛ ግን ዕድሜ ልኳን ባዶዋን ትቀራለች። ስለዚህ ብፈታት ደግነት እንጂ ክፋት አይደለም። የኔን ጉዳይ ማውራት ለማን ይረባል? እናቴን ይገድላታል። ለይላም «ግድ የለም» ብላ አብራኝ ትቀራለች፤ አውቃታለሁ። ስለዚህ ዝም ማለቴ ለእሷው ነው።

ይህን ሁለቴ ደግሜ አነበብኩት። ልክ ይመስላል።

ታኅሣሥ 18

ፈታኋት። አንድ ጦላቅ፣ አንድ የፍቺ ቃል ብቻ።

ሼህ ጀላል፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ደስ አላላቸውም። «አንድ ብቻ ነው ያልከው፤ እሱም ደግ ነው» አሉ። «ኢዳዋን፣ የመጠበቂያ ጊዜዋን፣ በቤትህ ትቁጠር። ሦስት ጊዜ አበባዋን እስክታይ፣ ሆድ ይዛ እንደሆነም እስክትገላገል፣ በሩ ገርበብ ብሏል እንጂ አልተዘጋም። በሁለት ሰው ፊት ‹መልሻታለሁ› ካልክ ሚስትህ ናት። ኢዳዋ ካለቀ ግን ባዕድ ነህ፤ አዲስ ኒካህ፣ የእሷም ፈቃድ ያሻሃል።»

ሆድ ይዛ እንደሆነ ሲሉ እናቴ «ወይ እሷ!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔም በልቤ «ወይ እኔ» አልኩ።

ለይላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

«በምንም ነው እንግዲህ የፈታኸኝ።»

ታኅሣሥ 19

ኮምቦልቻ፣ እህቷ መዲና ዘንድ ሄደች። እዚሁ ኢዳሽን ቁጠሪ ብንላት «ተፈትቼ የእናትህን ወጥ አላማስልም» አለች። ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ ተሸከምኩላት። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል «አንተ፣ የምታውቀው ነገር አለ» አለችኝ።

«የምን?»

«እንጃ። ዓይንህ ይሸሻል።»

አውቶቡሱ ወደ ሐረጎ ቁልቁል ሲወርድ በእግሬ ተከተልኩት፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤታችን መታጠፊያ ድረስ ብቻ። ከዚያ ቤት ገባሁ።

ጥር 8

ቤቱ በረደኝ። እናቴ ሳፊያ ሳፊያ ትላለች። አሁን አይሆንም አልኳት። ለምን እንደማይሆን አልነገርኳትም። ሌላይቱንም ሴት መካን ላስብላት ነው?

የመጽሔቱን ጽሑፍ ቀጠልኩ፤ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ዛሬ የጻፍኩት ይህ ነው።

«እንቁላሏ በዙሪያዋ ልጋግ የመሰለ ልብስ አላት። ከዚያ ልብስ የሚወጣ ጠረን ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ዘሩም ይሰማዋል፣ አቅጣጫውን ያዞራል። ልብሷን ሲነካ በራሱ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ከረጢት ትፈነዳለች። ከውስጧ ቀጭን ክር እንደ መርፌ ይመዘዛል። ክሩ የሚጣበቀው በገዛ ወገኑ እንቁላል ላይ ነው፤ የሌላ ወገን ከሆነ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። እንዲህ ያለው ዝግጅት የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከረጢቷ ያለ ቦታዋ፣ ያለ ጊዜዋ ከፈነዳች ዘሩ ቢዋኝም ከንቱ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ እንቁላሏ ደጅ ላይ ቢደርስ እንኳ አይገባም።»

ከረጢት የሚለውን ቃል ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለይላ ብትኖር በሳቅ አንድ ስም ታወጣለት ነበር።

የካቲት 8

ቀለሙ በእረፍት ሰዓት ወደ ግድግዳው ጥግ ሳበኝና «ምፅዋ ተያዘች አሉ፤ የውጭ ሬድዮ ነው» አለኝ። የኛው ሬድዮ ዘፈን ያሰማል። በዚያ ባሕር ዳር የቆምንበት ድንጋይ፣ ባልዲዎቻችን፣ የመምህራችን ሸሚዝ ዓይኔ ላይ መጡ። ስንት ሰው አልቆ ይሆን። ከትምህርት ቤት ስወጣ ባሕር የሚባል ነገር የቀረኝ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ሞኝ ሐሳብ ነው።

የካቲት 27



የለይላ ወንድም ሀምዱ ከደጋን መጣ። ገና ከደጅ «አብሽር!» ይላል። አንድ ጠቦት እየጎተተ፤ ጠቦቱ ደረጃውን አልወጣም ብሎት በእቅፉ ተሸክሞት ገባ። እናቴን ጉልበቷን ስሞ «ልጅዎ አባት ሊሆን ነው። ለይላ ከወጣች ጀምሮ አበባዋን አላየችም፤ ሐኪም አይቷት አረጋግጧል። አልሐምዱሊላህ! ኑና ውሰዷት» አለ። እናቴ ተነሥታ እልል ልትል እጇን ወደ አፏ አነሳች።

እኔ ጤፍ የመሰለውን ነገር አየሁ። በዓይኔ ፊት ተዘርግቶ፣ ሳይላወስ።

«የኔ አይደለም» አልኩ።

ሀምዱ አልገባውም። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «እንዴት?»

«ሊሆን አይችልም። እኔ አውቃለሁ።»

«ምን ታውቃለህ?»

 የኔን ጉድ ከማወጣ የእሷን ስም ጣልኩት። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ አስቀያሚ ነው፤ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ዓይኔ ይዋሻል? መካን የሆነው እኔ ከሆንኩ ልጁ ከየት መጣ? ኮምቦልቻ ስንት ዓይነት ሰው አለ፣ ስንት ሾፌር፣ ስንት ወታደር።

ሀምዱ ጠቦቱን አንሥቶ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ «አላህ ባየው ይሁንልህ» አለ እንጂ አልተሳደበም። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

መጋቢት 6

ሼህ ጀላል መጡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ደጃፉ ላይ ቆመው አነጋገሩኝ።

«የተናገርከው ከባድ ነገር ነው። ምስክር አለህ?»

«የለኝም።»

«ልትምል ትችላለህ? አራት ጊዜ በአላህ ስም፣ አምስተኛውን ‹ከዋሸሁ የአላህ እርግማን በላዬ› ብለህ?»

ጫማቸውን እያየሁ አቀረቀርኩ። 

«እንግዲያው ካልማልክ ልጁ ያንተ ነው። እሷም ኢዳዋ ላይ ናት። ‹መልሻታለሁ› በልና ይለቅ።»

ያንንም አላልኩም። ልጁን በመሐላ አልካድኩትም፣ በቃሌ ግን ክጄዋለሁ፤ እሷንም አልመለስኳት። ሰው እንዲህ መሐል ላይ ቆሞ መኖር ይችላል? ትምህርት ቤት ሄጄ ስለ ቅጠል አስተማርኩ።

መጋቢት 25

ረመዳን ገብቷል። ማፍጠሪያ ላይ እናቴ ቴምሩን በመሐላችን ታስቀምጣለች፤ ለእኔ አታቀብለኝም። ከዚያ ወዲህ የአባቴን ስም አላነሳችም። እሱን ነገር ስታነሳ እንዳልጠላኋት ሁሉ፣ ዝምታው አሁን ከፋኝ።

ሰኞ ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች ሽንብራ እየሰፈሩ «ያች የመምህሩ ሚስት…» ሲሉ ሰማሁ። ዞር ስል ወደ ሽንብራቸው ጎነበሱ።

ሚያዝያ 19

ኢድ ትናንት አለፈ። ቀለሙ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጥቶ ነበር። ጽሑፌ ተመልሷል፤ የባሕር ጃርት ለወሎ ገበሬ ምን ይፈይዳል ተብሎ። እሱ በዚህ ሊያስቀኝ ሞከረ፤ እንዳልሳቅኩ ሲያይ ተወው። ለመሄድ ሲነሳ «ሙሄዲን፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ። ለይላን ግን አውቃታለሁ» አለኝ። መልስ አልጠበቀም።

ከደጋን የመጣ ሰው እንዳወራው ሀምዱ ከመስጊድ በኋላ ከሰው ጋር አይቆምም፤ ፊቱን ሸፍኖ ይሄዳል። ለይላ ደግሞ «ደጋን ወጥቼ በሽማግሌ ፊት እምላለሁ፤ ስሜን አጠራለሁ» እያለች ነው አሉ።

የበደለች ሴት ደፍራ በሽማግሌ ፊት ትምላለች? ጥፋት ያለበት ሰው እኮ ይሸሻል። እኔ ነኝ ከመሐላ የሸሸሁት።

ይህን መስመር ልሰርዘው ነበር።

ግንቦት 2

ያ አላህ። ያ አላህ። ያ አላህ።

በሥርዓት ልጻፈው። ዛሬ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረኝ ትምህርት ውሃ በህዋስ ልባስ እንዴት እንደሚያልፍ ነው። በየዓመቱ የማሳየው ነገር፦ አንድ ድንች ቆርጬ ግማሹን ንጹህ ውሃ፣ ግማሹን ጨው ውሃ ውስጥ። የንጹህ ውሃው ይጠነክራል። የጨው ውሃው ውሃውን ሁሉ ይተፋና ይልፈሰፈሳል። ላቦራቶሪው በመቆለፉ ዕቃዬን አስቀድሜ ክፍል አምጥቼው ነበር። እንደ ልማዴ ጠርሙሱን አንሥቼ ቀዳሁ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼም የለፈሰፈሰውን ድንች በጣቴ አንሥቼ ጠየቅሁ።

«ይህ ህዋስ ምን ሆነ?»

ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ «ጨው በዛበትና ደረቀ ጋሼ» አለች።

«ጎበዝ» አልኳትና ልቀጥል ስል በእጄ ያለውን ጠርሙስ አየሁት። በቀይ እስክሪብቶ፣ በገዛ ጽሕፈቴ፦ ባሕር።

የባሕር ጃርት ዘር ለባሕር የተሠራ ነው። ጨዉ ቤቱ ነው። የሰው ግን የሰው ነው፤ የሰው ገላ ጨው የዚያን ሩብ ቢሆን ነው። እኔ የሕይወት ሳይንስ መምህር፣ በየዓመቱ ድንች በጨው የማልፈሰፍስ ሰው፣ የገዛ ዘሬን ባሕር አፍስሼ ገደልኩት። ከዚያ «ሞቷል» ብዬ አለቀስኩ። ምፅዋ የለመደ እጄ ብቻውን ሠራው፤ ራሴ የት ነበርኩ?

ትምህርቱን እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

ግንቦት 3

አሁኑኑ ኮምቦልቻ መውረድ አለብኝ። ግን ምን ብዬ? ምናልባት ያለ ጨዉም ያው ቢሆንስ? አስቀድሜ ላረጋግጥ። እርግጠኛ ሆኜ ብሄድ ነው የሚያምር።

ቁልፉ ቀለሙ ኪስ ውስጥ ነው። ቀለሙ ደግሞ ለሚሊሺያ ሥልጠና ተወስዷል። ሲመለስ።

ግንቦት 6

ቀለሙ አልመጣም።

ግንቦት 8

አልመጣም። ዳይሬክተሩን ጠየቅሁት፤ ወታደሮቹ እንዳይገቡበት ተብሎ ሌላ ቁልፍ አልተቀረጸም አለ። ሌሊቱን ሁሉ «እሷን አምኜ ብሄድስ» ይለኛል ልቤ። እሷን አምኜ። ጠዋት ሲሆን ደግሞ አንዴ ልየው ብቻ እላለሁ።

ግንቦት 11

የሚመለሱት ሰኞ ነው ተባለ።

ግንቦት 13

ቀለሙ ጠቁሮ፣ ከስቶ መጣ። ሰላም ሳልለው ቁልፉን ለመንኩት። ፊቴን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ሰጠኝ።

ምንም አልጨመርኩበትም። እንዳለ፣ ትኩስ እንደሆነ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው ወደ ማያው ያጎነበስኩት።

ሰኞ ገበያ ነው! ይራወጣል፣ ይጋፋል፣ ይተላለፋል። ሜዳው ሁሉ በሕይወት ይርመሰመሳል። እንደ ምፅዋው ሳቄ መጣ፤ በዚያው ላይ እንባዬ ማያውን አደበዘዘው። ከዚያ፣ ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ከባሕሩ ጠርሙስ አንዲት ጠብታ በመስታወቱ ጠርዝ አስገባሁ። ጨዉ ከደረሰበት ጀምሮ ቀስ በቀስ ቆሙ።

ማታውን ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ከመጀመሪያው፣ ከብልቃጡ ጀምሮ። አልጮኸችም። «እንግዲያ ይቺ ልጅ ምን አድርጋን ነው?» ብላ እጆቿን አየቻቸው። ከዚያ «ነገ በጧት። ሼህ ጀላልን ይዘህ። አምጣልኝ፤ እግሯ ላይ እወድቃለሁ» አለች።

ግንቦት 14፣ ኮምቦልቻ ደርሼ ስመለስ

ሼህ ጀላልና ሌላ አንድ ጎረቤት ለምስክር አብረውኝ ወረዱ። አውቶቡስ አልነበረም፤ መኪናውን ሁሉ ጦሩ ወስዶታል። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። ሐረጎን ስንወርድ የምለውን ሳጠና ነበር። «መልሻታለሁ» አንዲት ቃል ናት። የቆላው ሙቀት ሲቀበለን ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

በሩን የከፈተችው እህቷ መዲና ናት። ከሼሁ ጋር ሰላምታ ተለዋወጠች። እኔን አላየችኝም።

ሼሁ «ሙሄዲን ጥፋቱን አምኗል። ሚስቱን በኢዳዋ ሊመልስ፣ እኛም ልንመሰክር መጥተናል» አሏት።

«ኢዳዋ አልቋል» አለች መዲና።

«እንዴት? እስክትወልድ አይደለም ወይ?»

«ወልዳለች አባቴ።» ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «ደጋን ወጣች፤ ስሜን አጠራለሁ ብላ። በሽማግሌው ፊት ማለች። አመኗት፤ ሀምዱም አለቀሰ። ስትመለስ መኪና አጣች። ይደር ብንላት እምቢ ብላ በዚያ ፀሐይ በእግሯ ወረደች። በነጋታው ምጥ ያዛት። ባለፈው ጁምዓ ነው። ወንድ ነበረ። አላለቀሰም።»

ባለፈው ጁምዓ እኔ ደሴ ነበርኩ። ቁልፍ እጠብቅ ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ የለይላን ድምፅ ሰማሁ። «ሼህ ጀላል፣ እንኳን ደህና መጡ። እርስዎም፣ መምህር።» በስድስት ዓመት አንድም ቀን አንቱ ብላኝ አታውቅም።

«ለይላ» አልኩ።

«ዛሬ ምን አመጣዎት?»

«ተሳስቼ ነበር። አየሁት… በዓይኔ አየሁት። ደህና ነኝ። የኔ ነበር።»

 «እኔ ነግሬዎት ነበር፤ ደህና ነኝ፣ ይምጡና ይታዩ ብዬ» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ድካም ነበረባት። «አሁን ልተኛ።»

ሼሁ «አዲስ ኒካህ…» ብለው ጀመሩ። «አይ አባቴ፤ እባክዎ» አለች። በቃ።

ስንወጣ ሼህ ጀላል ደጃፉ ላይ ቆም ብለው መዲናን በዝግታ ጠየቋት። «አጥባችሁት፣ ስም አውጥታችሁለት ነው የተቀበረ?»

«አዎ። የሚቀብሩት ሰዎች ‹አባቱ ክዶታል፤ በእናቱ ስም ይቀበር› ብለው ነበር። እሷ ከተኛችበት ቀና አለችና ‹ልጄ አባት አለው› አለች። የአያቱን ስም ራሷ ነች ያወጣችለት። ሸረፈዲን ሙሄዲን ተብሎ ነው የተቀበረ።»

ግንቦት 15

ትናንት ማታ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችኝ። አዲስ ሻሽ አስራ፣ ቤቱን ጠራርጋ፣ ለለይላ አልጋ አንጥፋ። ከኋላዬ ማንም እንደሌለ አይታ መንገዱን ዳግመኛ ተመለከተች።

የሆነውን ነገርኳት። ልጁ ወንድ እንደነበር ስነግራት መቀመጫ ፈለገች።

«ስም ነበረው?» አለችኝ።

ነገርኳት። የአባቴን ስም ልትደግመው ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሻሿን ፈትታ አፏን ያዘችበት።